መዋቅር በተቀየረ ቁጥር ፋይላችን ለምን ይበተናል?

የመዝገብ ቤቷ · ሰኞ ምሽት 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እሠራለሁ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥራት አልፈልግም።

ባለፈው ሳምንት አንድ አባት መጡ። ዕድሜያቸውን በሾፌርነት የጨረሱ ናቸው። ስድሳ ሞላቸውና ጡረታ ሊወጡ ነው። የመጀመሪያው የቅጥር ደብዳቤያቸው ግን ማህደራቸው ውስጥ የለም። የዕድገት ደብዳቤ አለ። የዓመት ፈቃድ አለ። አንድ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንኳን አለ። ቅጥሩ የለም። ሦስት ቀን ሙሉ ፈለግሁ። እሳቸው ኮሪደሩ ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር አልተነሱም። ማታ ቤቴ ገብቼም እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ችግሩ የእሳቸው ብቻ አይደለም። እኔ ከገባሁ ወዲህ መዋቅራችን አራት ጊዜ ተቀይሯል። መምሪያ የነበረው ዳይሬክቶሬት ሆነ። ሁለት ክፍሎች ተዋሃዱ፣ ቆይተው ደግሞ ተለያዩ። በተቀየረ ቁጥር አዲስ ቦክስ ፋይል ይገዛል፣ ጀርባው ላይ አዲሱ ስም ይጻፋል፣ አሮጌው ወደ ኋላ ክፍል ይገፋል። አንድ የግዢ ጉዳይ ተጀምሮ እስኪያልቅ አራት ቦታ ተበትኖ አገኘዋለሁ።

አሁን ደግሞ ሁሉም ነገር ስካን ይደረግ ተብሏል። ከዚያ በፊት አመዳደቡ መስተካከል አለበት ብዬ አምናለሁ። እንዴት ነው የሚመደበው? በክፍል? በሰው? በዓመት? ልምዱ ያላችሁ እባካችሁ አካፍሉኝ።

ቀበሌ 14 · ሰኞ 2፡31

እህቴ አይዞሽ። እኔ ወንበሩ ላይ ከሚቀመጡት ወገን ነኝ። ለአንድ የሥራ ልምድ ደብዳቤ አምስት ቀን ተመላልሻለሁ። ከውስጥ እንዳንቺ የሚጨነቅ ሰው እንዳለ ማወቄ በራሱ ደስ አሰኝቶኛል።

ኮደር ከፖሊ · ሰኞ 2፡58

እኔ ብሆን ጊዜ አላጠፋም። ሁሉንም ስካን አድርጉት፣ ከዚያ ፍለጋው የኮምፒውተሩ ሥራ ነው። በአሁን ዘመን መደርደሪያ ላይ መጨነቅ ምን ያደርጋል?

የመዝገብ ቤቷ · ሰኞ 3፡20

ወንድሜ ሞክረነዋል። ሁለት ልጆች ሁለት ወር ሙሉ ስካን አደረጉ። ፋይሎቹ ስማቸው "ስካን 1"፣ "ስካን 2" እያለ ይሄዳል። ወረቀቱ ፎቶ ሆነ እንጂ ጽሑፍ አልሆነም። ግማሹ የእጅ ጽሑፍ ነው፣ ማህተም ያረፈበት አለ፣ የካርቦን ግልባጭ አለ። በቃል ፈልጌ ያገኘሁት አንድም የለም። ድሮ ወረቀቱን ቢያንስ በቀለሙ አውቀው ነበር፤ አሁን እሱም የለም። ስም ልስጠው ብዬ "ገ/መድህን" ስል ደግሞ ኮምፒውተሩ አይቀበልም።

ኮደር ከፖሊ · ሰኞ 3፡26

ልክ ነሽ፣ ቸኩያለሁ። የስሙን ጉዳይ ነገ በደንብ እጽፍልሻለሁ። እሱ ላይ የማውቀው ነገር አለ።

ጡረተኛው ጸሐፊ · ማክሰኞ ጠዋት 1፡45

ልጄ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ከመዝገብ ቤት አልወጣሁም። ጥያቄሽ የኔም ጥያቄ ነበር።

እኔ ሥራ ስጀምር አውራጃ ነበር። ከላይ ጠቅላይ ግዛቱ፣ መቀመጫው ደብረ ማርቆስ። ከዚያ ክፍለ ሀገር ተባለ። በ1980 ጎጃም ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ ተከፈለ። ከዚያ ክልል መጣ። ይህን ሁሉ ያየሁት ከአንድ ወንበር ሳልነሳ ነው። የበላዩ ስም ሲቀየር እኔ ጋ የሚመጣው ደብዳቤ ግን ያው ነበር። ሰው ይቀጠራል። ደመወዝ ይከፈላል። ዕቃ ይገዛል። ጣሪያ ይታደሳል። አቤቱታ ይታያል። ስለዚህ በክፍል ስም መመደብ ትቼ በሥራው መደብኩ።

አንቺም እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ መደርደሪያውን አትንኪ። ወረቀትና እርሳስ ይዘሽ መሥሪያ ቤቱ የሚሠራቸውን ሥራዎች ጻፊ። ክፍሎቹን አልልሽም፣ ሥራዎቹን ነው። ከአሥር ከአሥራ ሁለት አይበልጡም። እያንዳንዱን ለትንንሽ ሥራዎች ክፈይው። ለምሳሌ 03 የሰው ኃይል ነው እንበል። 03-01 ቅጥር፣ 03-02 ዝውውር፣ 03-03 ዲሲፕሊን። ከሥሩ ጉዳዩ ይመጣል። ከሦስት ደረጃ አትዝለቂ። አራተኛ ደረጃ ያለው ዝርዝር ሠርቼ አውቃለሁ፤ ከእኔ በቀር የሚጠቀምበት ሰው አልተገኘም።

"ልዩ ልዩ" የሚል ፋይል እንዳትከፍቺ። እለምንሻለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሁሉም የሚወፍረው እሱ ነው።

ስለ ሾፌሩ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። የቅጥር ደብዳቤ ብቻውን አይወጣም። ግርጌውን አስቢው፤ "ግልባጭ" ይላል። ለሂሳብ ክፍል ይላል። ደመወዝ የሚጀመረው በዚያ ግልባጭ ነው። ማህደሩ ውስጥ ከሌለ ሰውዬው በተቀጠሩበት ዓመት የሂሳብ ክፍል የደመወዝ ፋይል ውስጥ ፈልጊ። ዋናው ቢጠፋ ግልባጩ አይጠፋም፣ ምክንያቱም ገንዘብ የወጣበት ወረቀት ነው።

የኃላፊነት ወንበር · ማክሰኞ 4፡05

ከጋሼ ጋር ትንሽ አልስማማም። ለዘጠኝ ዓመት ኃላፊ ነበርኩ። እኔ የምፈልገው የራሴን ክፍል ፋይል ነው። ነገ ኦዲተር ቢመጣ "የእናንተ ክፍል ምን ሠራ?" ብሎ ነው የሚጠይቀኝ። ፋይሉ በሥራ ተበትኖ ከሌላ ክፍል ደብዳቤ ጋር ከተቀላቀለ ማን ምን እንደወሰነ እንዴት ይታወቃል? ተጠያቂነት የሚባል ነገር አለ።

የፔዳ ልጅ · ማክሰኞ 4፡40

ጥሩ ጥያቄ ነው። የራሳችንን ከተማ ዩኒቨርሲቲ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ፖሊ የምንለው የፖሊቴክኒክ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ተከፈተ፣ ፔዳ የምንለው የመምህራን ኮሌጅ በ1972። እ.ኤ.አ. በ2000 ሁለቱ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። እንዲህ ዓይነት ውህደት ሲመጣ የሁለቱ የቆየ ፋይል አብሮ ይደባለቅ ወይስ ለየብቻው ይቀመጥ? ይህን ሳይወስኑ ስካን መጀመር ለኔ ያስፈራል።

ጡረተኛው ጸሐፊ · ማክሰኞ ከሰዓት 8፡30

የኃላፊነት ወንበር ያነሱት ቀላል ነገር አይደለም። ይህንኑ ፈረንሳዮች ድሮ ተጣልተውበታል። ከአብዮታቸው በኋላ የየመሥሪያ ቤቱንና የየገዳሙን ወረቀት አንድ ላይ ቀላቅለው በርዕስ ሊደረድሩ ሞከሩ። ወረቀቱ ከማን እንደመጣ መታወቅ አቃተ። እ.ኤ.አ. በ1841 የአገር ግዛት ሚኒስቴራቸው ሰርኩላር አወጣ። ከአንድ ምንጭ የመጣ ወረቀት ከሌላ ምንጭ ወረቀት ጋር አይቀላቀል አለ። የዓለም ቤተ መዛግብት እስከ ዛሬ በዚህ ይመራል።

እኔ የምለው ሁለቱ አይጣሉም ነው። የተዘጋውን ፋይል አትበትኚው። አሮጌው ክፍል የሠራው፣ በአሮጌው ክፍል ስም፣ በነበረበት ቅደም ተከተል ይቀመጥ። የፔዳ ልጅም መልስህ ይኸው ነው፤ የተዋሃዱት ተቋማት እስከ ውህደቱ ቀን ያለው ለየብቻው፣ ከዚያ በኋላ ያለው በአንድ። በሥራ የሚመደበው ከዛሬ ጀምሮ የሚከፈተው ነው። ለኦዲተሩ ደግሞ እያንዳንዱ ፋይል ሽፋን ላይ "ባለቤት ክፍል" የሚል አንድ መስመር ይበቃል። መዋቅር ሲቀየር መስመሯን ትሰርዣለሽ፣ አዲሱን ትጽፊያለሽ፣ ቀኑን ታኖሪያለሽ። ቁጥሩ አይነካም። ቦክስ ፋይሉም ከቦታው አይነሳም።

የኃላፊነት ወንበር · ማክሰኞ 9፡02

በዚህ እስማማለሁ ጋሼ። የሽፋኗ መስመር ካለች እኔ ሌላ ጥያቄ የለኝም።

ካርድ ክፍል · ማክሰኞ ምሽት 1፡15

እኔ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። ጋሼ ስለ ደብዳቤ ያሉት ልክ ነው። የሠራተኛ ማህደር ግን ከደብዳቤ ፋይል ይለያል። ማህደር የአንድ ሰው ነው፣ ሰውዬው እስካለ ይወፍራል። እሱ በሥራ አይመደብም፤ ቁጥር ነው የሚያስፈልገው። እኛ ጋ በሽተኛ በስሙ አይፈለግም። ስሙ ያለው በመፈለጊያ ካርድ ላይ ነው፤ እሱ ቁጥሩን ይነግርሻል፣ ቁጥሩ መደርደሪያውን ይነግርሻል።

አደራደሩን ልንገርሽ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። የካርድ ቁጥሩ 042517 ቢሆን እኛ ከኋላ ነው የምናነበው። መጀመሪያ ወደ 17 እንሄዳለን። እዚያ ውስጥ 25ን እንፈልጋለን። ከዚያ 04ን። መደርደሪያው ከ00 እስከ 99 መቶ ቦታ ተከፍሏል። ጥቅሙ ምን መሰለሽ? በተራ ቁጥር ብንደረድር አዲሱ ካርድ ሁሉ መጨረሻው መደርደሪያ ላይ ይከመራል። ሁላችንም እዚያው እንጋፋለን። መደርደሪያው ሲሞላም ሁሉንም ወደ ኋላ መግፋት ነው። ከኋላ ስታነቢ ግን 042517 እና ቀጥሎ የሚመጣው 042518 ሁለት የተለያየ ቦታ ይሄዳሉ። አዲሱ ካርድ በመቶው ቦታ እኩል ይበተናል። አራት ሠራተኛ ካለሽ ለእያንዳንዱ ሃያ አምስት ቦታ ትሰጫለሽ። ካርድ ቦታውን ከሳተ የማን እንደሆነ ይታወቃል።

ሌላው ትሬሰር ካርድ ነው። ካርድ ሲወጣ በቦታው ጠንካራ ወረቀት ይገባል። ማን ወሰደው፣ መቼ፣ ወደ የትኛው ክፍል። ማህደሩ ሲመለስ ይወጣል። መደርደሪያው ላይ ባዶ ቦታ አይኖርም። በኛ ሥራ ብዙ ጊዜ "ጠፋ" የሚባለው አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ያለ ካርድ ነው።

ትሬሰር ካርድ ከሌላችሁ ነገ ጀምሪ። ለእሱ ስካን መጠበቅ አያስፈልግም።

ኮደር ከፖሊ · ማክሰኞ ምሽት 3፡40

ቃል በገባሁት መሠረት ስለ ስም።

የኛ ፊደል ለመዝገብ ቤት ፈተና ነው። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ በአማርኛ አንድ ድምፅ ናቸው። ንጉሡ ሠና እሳቱ ሰም አንድ ናቸው። አልፋው አና ዐይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸና ፀሐዩ ፀም እንደዚሁ። ለኮምፒውተር ግን ሁሉም ለየብቻቸው ናቸው። በኮዱ ቅደም ተከተል ሀ አንደኛ ነው፣ ሐ ሦስተኛ፣ ኀ ደግሞ ከተ እና ከቸ በኋላ ይመጣል። አንድ ስም ሦስት ቦታ ይቀመጣል ማለት ነው።

"ኃይለ ሥላሴ" የሚለውን ስም ቆጥሬዋለሁ። የመጀመሪያው ፊደል በስድስት መንገድ ይጻፋል፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ሥ ሁለት መልክ አለው፣ ሴ ሁለት። ስድስት በሁለት በሁለት፣ 24 ሆነ። ተለያይቶ ወይም ተገጥሞ ይጻፋል፣ 48 ሆነ። በእዝባር (/) አጠር ተደርጎ "ኃ/ሥላሴ" ሲባል ሌላ 24 ይጨመራል። በጠቅላላው 72። ሁሉም ያው አንድ ሰው ነው።

እኔ የምመክረው ሁለት ቦታ እንድትጽፉት ነው። አንደኛው ቦታ ላይ ሰውዬው ስሙን እንደሚጽፈው፣ ሳይነካ። እሱ የሰውዬው ነው። ሁለተኛው ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ነው፤ እዚያ ላይ ሐና ኀ ሁሉ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይመለሳሉ፣ ራብዖቹ ሃና ኣም አብረው፣ እዝባሩም ይፈታል። ይህን ኤክሴል ላይ በቀመር መሥራት ይቻላል፤ ሠርቼ እልክልሻለሁ።

በፋይል ስም ውስጥ እዝባር ዊንዶውስ አይቀበልም። "ገ/መድህን"ን የከለከለሽ ለዚህ ነው። የደብዳቤ ቁጥራችሁም በእዝባር የተሞላ ስለሆነ በሰረዝ ተኩት። ቀኑን ከዓመቱ ጀምሩት፣ 2016-03-12 እንደማለት፤ ያኔ ራሱን በቅደም ተከተል ይደረድራል። ኤክሴል 13ኛ ወር ስለማያውቅ ጳጉሜን ላይ የወጣ ደብዳቤ እንዳያበላሽባችሁ ቀኑ እንደ ጽሑፍ ይያዝ። ዓመቱ የኛ ይሁን የፈረንጅ አንዴ ወስኑና አትለውጡ። "2008" የሚል ደብዳቤ ብቻውን ሲገኝ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

በድሮ የግዕዝ ሶፍትዌር የተተየበ ነገር ካላችሁም ቶሎ ወደ ዩኒኮድ፣ ሁሉም ኮምፒውተር ወደሚጋራው የፊደል ኮድ፣ ቀይሩት። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ ኮድ ነበረው። ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይሆናል።

ቀበሌ 14 · ማክሰኞ 3፡55

አንድ ስም 72 ጊዜ! ለካ ያን ጊዜ አምስት ቀን የተመላለስኩት በስሜ መጀመሪያ ፊደል ነው። ጸሎቱ ጸ ነው የኔ።

ዘጌ ዳር · ረቡዕ ጠዋት 2፡20

እኔ ዘጌ ነው ያደግሁት። በልጅነቴ ዲቁና አገልግያለሁ። ይህን ክር ሳነብ የገዳሞቻችን ዕቃ ቤት ትዝ አለኝ።

ድሮ ለገዳም መሬት ሲሰጥ ሰነዱ ለብቻው አይቀመጥም ነበር። በወንጌሉ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። ማን ሰጠ፣ ምን ሰጠ፣ እነማን ምስክር ነበሩ፣ የሚሽር ቢኖር ውግዘቱ። ለምን ወንጌል ላይ? የማይሸጥ፣ የማይወጣ፣ እሳት ቢነሳ መጀመሪያ የሚወጣ መጽሐፍ እሱ ስለሆነ ነው። የሰነዱን ቦታ የመረጡት በይዘቱ አይደለም። ሁሉም ሰው የት እንዳለ የሚያውቀው ቦታ ላይ ነው ያኖሩት።

ጋሼ ስለ ምንጭ ያሉትም እኛ ጋ ምሳሌ አለው። እ.ኤ.አ. በ1968 ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባለ የውጭ ተመራማሪ የጣና ደሴቶችን መጻሕፍት በማይክሮፊልም አነሳ። በኋላ በካታሎግ ሲያወጣቸው ዳዊቱን ከዳዊት፣ ገድሉን ከገድል ጋር አልቀላቀለም። የክብራኑን ለክብራን፣ የሬማውን ለሬማ አድርጎ ቁጥር ሰጣቸው። ዛሬ አንድ መጽሐፍ ቢጠፋ ከየትኛው ደሴት እንደሆነ ይታወቃል።

እህቴ፣ አንቺም ስካን ያደረግሽውን ሁሉ ከየትኛው ቦክስ እንዳወጣሽው ጻፊበት። ወረቀቱ ከፎቶው ጋር የሚገናኘው በዚያ ነው።

የኋላ ክፍል · ረቡዕ 5፡10

አጭር ነገር። የኋላ ክፍል ያልሽው ምድር ቤት ከሆነ ሐምሌና ነሐሴ ከመግባቱ በፊት አውጪው። የሐይቁ ዳር እርጥበት ወረቀት ይበላል። ቦክሱ ሲሚንቶው ላይ አይቀመጥ፣ ከግድግዳው ይራቅ፣ ምስጥ መንገዱን የሚሠራው በግድግዳው ነው። ፌስታል ውስጥ አታስሪው፤ ውስጡ ያልበዋል፣ ሻጋታ ያወጣል።

ስንፍና የለም · ረቡዕ 6፡00

የማይፈለገውን አሮጌ ወረቀት ለምን አታቃጥሉትም? ከአሥር ዓመት በላይ የሆነውን አስወግዱና ተገላገሉ።

ጡረተኛው ጸሐፊ · ረቡዕ 6፡25

ልጄ፣ እንዲህ አይባልም። የመንግሥት ሪከርድ በአንድ ኃላፊ ትእዛዝ አይቃጠልም። የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179/1991 የወጣው ለዚህም ጭምር ነው። በእድሜ ብቻ ካየነው የሾፌሩ የቅጥር ደብዳቤ መጀመሪያ ከሚቃጠሉት አንዱ ይሆን ነበር። ያቺ ወረቀት ሠላሳ ዓመት ማንም ሳይነካት ተቀምጣ አንድ ቀን የሰው እንጀራ ትሆናለች። የዕረፍት ፈቃድ መጠየቂያ ግን ሦስት ዓመት ቢቆይ ይበቃው ይሆናል። ስለዚህ የሚወሰነው በወረቀቱ እድሜ አይደለም፣ በሥራው ነው። ለእያንዳንዱ ቁጥር፣ ለ03-01ም ለ03-03ም፣ ስንት ዓመት እንደሚቆይና ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን ከሕግ፣ ከሂሳብና ከሥራ ክፍሉ ጋር ተቀምጦ ይጻፋል። ከዚያ ይጸድቃል። ይህ ሳይኖር ክብሪት የሚጭር ሰው ካለ ከመዝገብ ቤት ይውጣ።

ስንፍና የለም · ረቡዕ 6፡31

ይቅርታ ጋሼ። አልገባኝም ነበር።

የመዝገብ ቤቷ · ዓርብ ምሽት 1፡50

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳምንቱን ሙሉ የጻፋችሁትን አትሜ ይዤ ነበር የምዞረው።

ማክሰኞ የጋሼን ሐሳብ ይዤ ሥራዎቻችንን ጻፍኩ። አሥራ አንድ ሆኑ። አለቃዬ ጋ ይዤ ገባሁ። መጀመሪያ ፊታቸውን አጠቆሩ። የሽፋኑን መስመር ሳሳያቸው ግን ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። ስካኑ ለሁለት ወር እንዲቆይ ፈቅደዋል። አዲሱ አመዳደብ የሚጀመረው በሐምሌ፣ ከበጀት ዓመቱ ጋር ነው። እስከዚያ ትሬሰር ካርድ ብቻ። ከካርቶን ቆርጠን መቶ ሃምሳ ሠርተናል። በሁለት ቀን ውስጥ ሠላሳ አንዱ መደርደሪያ ላይ ገብቷል። ሠላሳ አንድ ማህደር ሰው ጠረጴዛ ላይ ነበር ማለት ነው። እኔ ከነዚህ ውስጥ ሰባቱን ጠፍተዋል ብዬ ሪፖርት አድርጌ ነበር።

የማቆያ ጊዜው ገና ነው። የሕግ ክፍሉ ጊዜ የለኝም ብሏል። እመላለስበታለሁ።

ስለ ሾፌሩ። ዛሬ ከሰዓት ወደ ኋላ ክፍል ገባሁ። የሂሳብ ክፍል የድሮ ደመወዝ ፋይሎች ከታች ነበሩ፣ ሁለቱ ቦክሶች ከሥራቸው በስብሰዋል። ሦስተኛውን ከፈትኩ። የ1984 የግንቦት ደመወዝ ከነማስረጃው በክር ተጠርዟል። መሃሉ ላይ ግልባጩ አለ። ካርቦን ነው፣ ደብዝዟል፣ ማህተሙ ግን ይነበባል። ስማቸው በዐይኑ ዐ ነው የተጻፈው። ማህደራቸው ላይ በአልፋው አ ነው ያለው። ዋናው ደብዳቤ በዐ የሚጀምሩ ስሞች ካሉበት ረድፍ፣ ሌላ ሰው ማህደር ውስጥ ገብቶ ይሆናል፤ ሰኞ እፈልገዋለሁ።

ስልክ ደወልኩላቸው። ልጃቸው ናት ያነሳችው። "አባዬ፣ የመዝገብ ቤቷ ናት" ስትል ሰማሁ። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ቅዳሜ ቢሆንም በሩን እከፍታለሁ።

ካርድ ክፍል · ዓርብ 2፡04

ነገ ተረኛ አይደለሁም። የኛን ትሬሰር ካርድ ናሙና ይዤልሽ እመጣለሁ፣ የበሰበሱትን ቦክሶችም አብረን እናወጣለን። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አለኝ፤ ሻጋታውን በባዶ እጅሽ እንዳትነኪው።

የመዝገብ ቤቷ · ዓርብ 2፡06

ነይ እህቴ። በዘንባባው በኩል ያለው በር ክፍት ነው።